ለዓሣ ነባሪዎቹ የጸለይኩት ጸሎት

የአክስቴ ልጅ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ እናቴ ስለ ዓሣ ነባሪ ታወራ ጀመር። እናቴ ባሕርን የምታውቀው ከመኪና መስኮት ነው፤ ዳር ድረስ ሄደን እንኳ ጫማዋን አውልቃ አታውቅም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ግን ሰው ባገኘች ቁጥር፣ ባሕር ላይ ሊተከሉ የታሰቡት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በባሕር እንስሳት ላይ ምን ሊያደርሱ እንደሚችሉ የእህቷ ልጅ እንደምታጠና ትናገራለች። እኔ ነርስ ለመሆን ያን ሁሉ ፈተና ሳልፍ አንድ ሰው አስቁማ አልነገረችም። ቀናሁ። የእኔ ቅናት ደግሞ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት አይደለም፤ ፊቴ ላይ ይወጣል።

ማታ ራት ላይ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። ውሃው ጥልቅ ስለሆነ የማመንጫዎቹ ማማዎች ይንሳፈፋሉ፣ ከታች በሰንሰለት ይታሰራሉ። ገና አንድም ስላልተተከለ የአክስቴ ልጅ ሁሉንም ነገር «ምናልባት» ብላ ነው የምትጀምረው። ምናልባት እያሉ ደመወዝ የሚበላበት ሥራ መኖሩ ያናድደኝ ነበር። እናቴ ግን አፏን ከፍታ ታዳምጣለች፤ እያዳመጠችም ትልቁን ሥጋ ወደ እሷ ትገፋለች።

አንድ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በየቤቱ እየተሰበሰቡ የሚጸልዩበት የቤት ኅብረት ተራው ባልድዊን ሂልስ ሰፈር፣ እኛ ቤት ነበር። እናቴ የጸሎት ርዕስ አቀረበች፦ የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ትልቅ ስብሰባ ላይ ጥናቷን ታቀርባለች፤ ከተሳካላት ቋሚ ሥራ ታገኛለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ነገ ፕሬዘንት ታደርጋለች። አንቺ ጸልዪላት፤ እህትሽ አይደለች?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስሟ ከአፌ አልወጣ አለ። ስለዚህ ባሕሩን ያዝኩ። ከአጥማጆች የጠፋ መረብ ሰንሰለቱ ላይ ተጠምጥሞ ዓሣ ነባሪ እንዳይዝ፣ የማማው ክንፍ ወፎቹን እንዳይመታ፣ የመርከቦቹ ጩኸት እናት ዓሣ ነባሪንና ልጇን እንዳያጠፋፋ፣ ማማው ሥር የሚጠለሉት ዓሦች ተመችቷቸው እንዲበዙ ለመንኩ። ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። ከሁሉም በላይ የተሰማው የእናቴ አሜን ነበር።

ራት ሲቀርብ እናቴ ለእንግዶቹ ስለ እኔ ታወራ ነበር፤ ልጄ እኮ ይሄን ሁሉ ሰምታ ይዛዋለች እያለች። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለዓሣው ሁሉ ጸለይሽ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ነገ የምቆመው ግን እኔ ነኝ።»

እናቴ ትልቁን ሥጋ ወደ እኔ ገፋችው። በላሁት።