ሌላ እጅ የነካው ካምቢዮ

ጋሽ ኒቆዲሞስ ውሸት አይችሉበትም። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው መሬት ላይ ይተከላል። ታዲያ በስተርጅና፣ ያውም ለገዛ ወዳጃቸው ለመካኒኩ ለጋሽ ዑስማን፣ አንዲት ውሸት ዋሹና ሦስት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አጡ። ይበላቸው ልል አልኩና አንጀቴ አልችል አለ።

ሐረር ውስጥ ጋሽ ኒቆዲሞስን የማያውቅ ካለ እንግዳ ነው። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ እሳቸው ግን አገሬ የሚሉት ሐረርን ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያቺን ሰማያዊ ፔጆ በታክሲነት ነድተዋል፤ አራት ልጅ አሳድገውባታል። ሸዋ በር ገበያ ላይ ዘንቢል የከበዳት ሴት ካዩ ሳይጠሯቸው ይቆማሉ። ዕቃ ረስቶ የወረደ ተሳፋሪ ቢኖር እስኪመለስ ይጠብቁታል። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ቢያጉረመርሙ፣ እናንተስ አትረሱም ወይ ብለው ዝም ያሰኟቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሀብታም ይሁን?

የመኪናዋን ሆድ ግን ከጋሽ ዑስማን ሌላ ማንም ከፍቶት አያውቅም ነበር። የሁለቱ ወዳጅነት የተጀመረው በዚያችው መኪና ነው። ዓመት በዓል ሲመጣ፣ የእስላሙም ሆነ የክርስቲያኑ፣ አንዱ ከሌላው ቤት አይጠፋም።

ታኅሣሥ ገባና ብርዱ ሲጠና ፔጆዋ አመሏን ለወጠች። ጠዋት ጠዋት ሐኪም ጋራ ከሚባለው ሰፈራቸው ሲነሱ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ይላል። ጋሽ ኒቆዲሞስ ይለምኗታል፣ ይቆጧታል፣ ማርሹን በሁለት እጅ ይገፋሉ። ሲገባም እያንገጫገጨ ነው። ረፋዱ ላይ፣ ሞተሩ ሲሞቅ፣ ትንሽ ትለዝባለች። ሲጨንቃቸው ሸዋ በር አጠገብ ወዳለው የጋሽ ዑስማን ጋራዥ ይዘዋት ሄዱ።

ጋሽ ዑስማን መጀመሪያ የጠየቁት፣ ሌላ እጅ ነክቷታል ወይ ብለው ነው። ጋሽ ኒቆዲሞስ መሬት መሬት እያዩ፣ ማን ይነካታል አሉ።

ነክቷታል። መስከረም ላይ የጋሽ ዑስማን ባለቤት ናፊያ አረፈች። ጋሽ ኒቆዲሞስ በየቀኑ ለቅሶ ይደርሱ ነበር፤ መኪናዋን ሲያይ ሥራ ትዝ ይለዋል ብለው በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ጥቅምት ላይ የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኗ፣ ዘይት መቀየሪያ ደረሰ። የአርባ ዓመት ሚስቱን የቀበረን ሰው መኪና ሥር ግባልኝ ይባላል? ይሉኝታ ያዛቸውና ኤረር በር አልፎ ካለ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። እዚያ ያለው ሰው ለአሮጌ መኪና ወፍራም ዘይት ይሻላል አላቸው፤ እሳቸውም እንደ ጥሩ ነገር አመስግነው ወጡ። አሁን ይህን እንዴት ይናገሩ? በሐዘኑ ጊዜ ሌላ ሰው ጋ ሄድኩ ብሎ ለወዳጅ መናገር ቀላል አይደለም።

ጋሽ ዑስማን ሥራቸውን ጀመሩ። ሞተሩን አጥፍተው ማርሹን ሞከሩት፤ ገባ። አስነስተው ሞከሩት፤ እምቢ አለ። እንግዲያው ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮን አልለቅም እያለ ይሆናል ብለው የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ እሱን ሲያስተካክሉ ዋሉ። ማግስቱን ጠዋት ያው ነው። የማርሿ እጀታ መሪው ላይ ነውና፣ ከመሪው ወደ ካምቢዮ የሚወርዱትን ዘንጎች አንድ በአንድ ፈትተው፣ አጥበው፣ ግራሶ ቀቡ። በሦስተኛው ቀን ጠዋትም ያው ነው። ጋሽ ኒቆዲሞስ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። ነገሩ ወደ ዘይቱ እየቀረበ በመጣ ቁጥር በርጩማቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ይስባሉ።

ማታ ማታ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽ፣ ለምን አትነግረውም እያሉ ይነዘንዟቸዋል። ነገ፣ ይላሉ። ነገ ደርሶ ነገ ይላሉ።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ዑስማን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ ካምቢዮው መውረድ አለበት አሉ። የፔጆን ካምቢዮ ማውረድ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የኋላውን አክሲል ጭምር ነቅሎ ወደ ኋላ መጎተት ነው። ሰባ ዓመት ለሞላው፣ ወገቡን ለሚያመው ሰው ሲሆንማ አይነሳ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ ጋሽ ዑስማን። "አምና ውስጡን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ናፊያ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ከሄደች ወዲህ እጄም ጭንቅላቴም ልክ አይደሉም። ያንተን ልጨርስና ጋራዡን እዘጋዋለሁ።"

ይህን ብለው በክሪክ ወደተነሳችው መኪና ሥር ገቡ። ጋሽ ኒቆዲሞስ ልባቸው ስንጥቅ አለ። ያ ሰው ባልሠራው ጥፋት ሙያውን ሊጥል ነው፤ የሚያስጥለውም የሳቸው ዝምታ ነው። ከበርጩማቸው ተነሥተው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ጋሽ ዑስማን መፍቻውን ዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ላይ አሳርፈዋል።

"ዑስማን፣ አትፍታው። ዘይቱ ያንተ አይደለም።"

ሁሉንም ተናገሩ፤ ጥቅምትን፣ ኤረር በርን፣ ወፍራሙን ዘይት፣ ውሸታቸውን። ከመኪናዋ ሥር መፍቻው ዞረ። ቡሎኑ ተፈታ። ወርዶ የማያልቅ ወፍራም ዘይት ተዝለገለገ፣ ሽታውም ጋራዡን ሞላው። ጋሽ ዑስማን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት፤ ይህቺ መኪና ካምቢዮዋ የሚፈልገው ቀጭኑን የሞተር ዘይት መሆኑን የማያውቅ ማን ነው ብለው አጉረመረሙ። በብርድ ሲረጋ ማርሹን አንቆ የያዘው ይኸው ነው። አምና የገጠሙት ሁሉ ደህና ነበር።

ከመኪናዋ ሥር ሲወጡ ጋሽ ኒቆዲሞስ ስድብ ጠበቁ። ቢሰድቧቸው በወደዱ። ጋሽ ዑስማን ግን አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"በሐዘኑ ሰሞን ልጆቼ መፍቻዬን ደበቁብኝ" አሉ። "ጎረቤቱም ወዳጁም 'ዕረፍ' አለኝ። ቤቱ ውስጥ እሷ የለችም፤ ምን ላይ ልረፍ? ዘይት መቀየሪያህ ጥቅምት መሆኑን አውቃለሁ። በየጠዋቱ በሩ ላይ ወጥቼ አንተን ከነመኪናህ እጠብቅ ነበር። አንተም ለካ እንደ ሰዉ በእግርህ መጥተህ ከንፈርህን መጠህልኝ ትሄዳለህ።"

ጋሽ ኒቆዲሞስ ይቅር በለኝ ሊሉ ሲሉ እንባቸው ብቻ መጣ። ጋሽ ዑስማን የወዳጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ፤ ከመደርደሪያው የሞተር ዘይት አውርደው ክዳኑን ከፈቱ።

"ዛሬ ትድናለች" አሉ። "ነገ ጠዋት ግን ባትበላሽም አምጣት።"