በልኬ የተገዛች ጊታር

አባቴ በልኬ የሆነ ነገር ገዝቶልኝ አያውቅም ነበር። የትምህርት ቤት ሹራቤ እጅጌው ሁለቴ ይታጠፋል፣ ጫማዬ ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል። «ታድጊበታለሽ» ይላል፣ ክርክሩም እዚያው ያልቃል። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር የነበርን የሐበሻ ልጆች በሙሉ ልብሳችን ላይ ለመድረስ ስንጣደፍ ነው ያደግነው።

ጊታር ልንገዛ ፓርክላንድስ የሄድን ቅዳሜ ግን ለማደግ ጊዜ አልነበረኝም። የሙዚቃ አስተማሪያችን ሰኞ እያንዳንዳችንን ልታስጫውተን ነው፤ ድምፁን አጥርቶ ማውጣት ያቃተው ከጊታር ቡድኑ ይወጣል። የትምህርት ቤቱ ጊታር ትልቅ ስለሆነ ጣቶቼ ወፍራሙ ክር ላይ አይደርሱም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት የምሄደው ለዚያ ቡድን ስል ብቻ ነበር።

አባቴ ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበርና ከሰዓት ፈረቃ ነበረው። ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል። እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መሐል ሰውነቷ አነስ፣ አንገቷ ቀጠን ያለ አንዲት ጊታር አወረድኩ። ክሮቿ ናይለን ስለሆኑ ጣት አይቆርጡም። እምቢ ሲለኝ የከረመው ኮርድ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይቺማ የሕፃን ናት» አለ አባቴ፣ ትልቁን እያነሳ። «ከዓመት በኋላ ሌላ ልግዛ? ታድጊበታለሽ።»

«አባዬ፣ ቴስቱ እኮ ሰኞ ነው።»

«ፖሌፖሌ፣ ቀስ በይ እንጂ።»

«እሺ፣ አንተ ያዘው» አልኩት። «አንተ አድገህ የለ?»

ሊያሳየኝ ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። የቱን ክር የት እንደሚይዝ ስነግረው ጣቶቹን ዘረጋ። ወፍራሙ ክር ላይ አልደረሰም። ክርኑን አወጣ፣ አንጓውን አጠፈ፣ እንደገና ሞከረ። ሻጩ አይቶ እንዳላየ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። አባቴ አጭር መሆኑን አውቃለሁ፤ እጁን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። መዳፌን ያዘና ከመዳፉ ጋር ገጠመው። ጣቱ ከጣቴ የሚበልጠው በጥፍር ያህል ነበር።

ለካ ባድግም የምደርስበት እዚያው ነው። የረታሁት እኔ ነኝ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሆዴ ግን ባባ። እሱም ትልቁን መልሶ ትንሿን ገዛ።

ስንመለስ ማታቱ ሚኒባሱ ውስጥ ጊታሬን አቅፌ እግሬ አላርፍ አለ። ስለ ሰኞ አወራለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። አቀርቅሮ ጫማዬን እያየ ነው።

«ጥጡ አሁንም አለ እንዴ?» አለኝ።

«አለ።»

«በሚቀጥለው ቅዳሜ በልክሽ እንገዛለን» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።