አርዲስ የኖርበርትን መሪ የያዘች ዕለት

በእኛ የበረሃ ሰፈር መኪናውን ቦታው ሲያስገባ ከሚስቱ ጋር ያልተጨቃጨቀ ባል የለም። መኪና ስላችሁ ተራ መኪና እንዳይመስላችሁ፤ አውቶቡስ የሚያክል፣ አልጋውንም ምድጃውንም መታጠቢያውንም በሆዱ የያዘ ቤት ነው። ባል ይነዳል፤ ሚስት ከኋላ ቆማ በእጇ ትመራዋለች። "ና፣ ና፣ ና... ቁም አልኩህ እኮ! አንተ ደንቆሮ!" ጎረቤት ደግሞ ታጣፊ ወንበሩን አውጥቶ፣ ቢራውን ይዞ ይመለከታል። አሪዞና በረሃ ውስጥ ለተሰበሰበ ጡረተኛ ከዚህ የበለጠ ቲያትር ከየት ይምጣ!

ኖርበርትና አርዲስ ብቻ ነበሩ ይህን ቲያትር የነፈጉን። ክረምት በገባ ቁጥር ከሚኒሶታ ብርድ ሸሽተው ይመጣሉ፤ ኖርበርት ወደ ኋላ ይነዳል፣ አርዲስ እጇን ታነሳለች፣ መኪናው ጸጥ ብሎ ይገባል። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ነጂው የሚመራውን ሰው በስፖኪዮ ካላየ ይቆማል። ሌላው ሁሉ "ና" ቢል፣ ቦታው ሰፊ ቢሆን፣ ይቆማል። ጡረታ ሲወጡ የገጠር ቤታቸውን ሸጠዋል፤ ስለዚህ ያ መኪና መዝናኛቸው ሳይሆን ያላቸው ብቸኛ ቤት ነው።

የካቲት ላይ ኖርበርት ሰሃን እያጠበ ሳለ ወደቀ። ሆስፒታል ሰነበተና ምላሱ ተመለሰለት፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን እንደዋዛ ከዱት። ዕድሜ ልኩን የእርሻ ትራክተር ሲጠግን የኖረ ሰው ሸሚዙን ሚስቱ ትቆልፍለት ጀመር። ምን ይባላል!

ልጃቸው ከርት ከሚኒሶታ ደወለ። ከርት ክፉ ልጅ አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ።

"እማ፣ መኪናው ይሸጥ። ለአባዬ ጥሩ መጦሪያ ቤት አግኝቼለታለሁ። አንቺ እኛ ጋ ትሆኛለሽ።"

"እኔና አባትህ ተለያይተን?"

"ኧረ በየሳምንቱ እወስድሻለሁ! ታዲያ ምን ይደረግ? አባዬ አይነዳ፣ አንቺ አትነጂ። በረሃው ደግሞ ሊጋይ ነው፤ እዚያ ሆናችሁ ልትጠበሱ ነው?"

"እኔ እነዳዋለሁ" አለች አርዲስ።

ከርት ሳቀ። እናቱ እንዳልሳቀች ሲገባው፣ "እሺ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ" አለ። "አውጥተሽ፣ ሰፈሩን ዞረሽ፣ ምንም ሳትነኪ መልሰሽ ቦታው ካስገባሽው አፌን እዘጋለሁ። ካልሆነ ግን ይሸጣል። ተስማማን?"

"ተስማማን" አለችው። ስልኩን ስትዘጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ገበያ ከሚሄዱባት ትንሽ መኪና በቀር ምንም ነድታ አታውቅም።

በማግስቱ ማክሲንን ለመነቻት። ማክሲን ነብራስካ ውስጥ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ያረጀች፣ አፏን የማታርም ጎረቤታችን ናት። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያለው ሰፊ ሜዳ ላይ ባዶ የወተት ጀሪካኖችን ደረደረችና አርዲስን መሪው ላይ አስቀመጠቻት።

"ስሚ እህቴ፣ የፊት ጎማው ያለው ከመቀመጫሽ ኋላ ነው። ማዞሪያው ጋ ስትደርሺ 'አለፍኩት፣ ጉድ ሆንኩ' እስክትዪ ድረስ ዝም ብለሽ ሂጂ። ከዚያ ነው የምትዞሪው።"

"እሱማ ቀላል ነው።"

"ድንቄም ቀላል! አፍንጫው ወደ ግራ ሲዞር ጭራው ወደ ቀኝ ይወረወራል። ይህን የረሳ ስንት ባል የነዳጅ ማደያ ምሰሶ አንጋዶ መጥቷል መሰለሽ!"

የመጀመሪያው ቀን አርዲስ ጀሪካኖቹን ጨፈላለቀቻቸው። ማክሲን አንዱን አንስታ፣ "ይቺ የቄሱ ሚስት ነበረች፤ ነፍስ ይማር" አለች። አርዲስ ግን አልሳቀችም። መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ማክሲን ትከሻዋን ይዛ፣ "በቃሽ፣ እንደገና አስነሺው" አለቻት። እንዲህ እንዲህ እያለ የሚጨፈለቀው ጀሪካን እያነሰ መጣ።

ኖርበርት በነዚያ ቀናት አንድ ቀን እንኳ ሊያያት አልወጣም። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ "ወደ ኋላ ስነዳ ማን ነው የሚመራኝ?" አለችው።

"ማክሲን ትምራሽ።"

"ያገባሁት ማክሲንን አይደለም።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ይህን ግማሽ ሰውዬ ምን ትሠሪበታለሽ፣ አርዲስ?"

"ግራ እጅህ ይበቃኛል።"

ጠዋት ከዘራውን ይዞ አጥሩ ጋ ቆሞ አገኘችው፤ የት ቢቆም እንደምታየው በዓይኑ ይለካ ነበር።

ከርት መጣ። ያን ቀን በእኛ ሰፈር ወንበር ያወጣ ሰው አልነበረም። ደጅ የነበርነውም ጀርባችንን ወደ መንገዱ አዞርን፤ ማንም አላዘዘንም። አርዲስ ከመሪው ላይ ሆና ይህን አየች።

መኪናውን አወጣችው። ማዞሪያው ጋ አፍንጫው አልፎ እስኪሄድ ጠበቀች፤ ጭራው የማክሲንን አበባ ሳይነካ አለፈ። ሰፈሩን ዞራ ቦታዋ ፊት ስትደርስ የኋላ ማርሽ አስገባችና በስፖኪዮው አየች። ኖርበርት ከዘራውን ተደግፎ፣ ግራ እጁን አንስቶ ቆሟል። ይህን ሁሉ ዘመን እሱ ነበር እሷን እንዲህ ሲያይ የኖረው። ሰው በዚያ መስታወት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያንስ እስከዛሬ አታውቅም ነበር። ከስቷል፤ ሱሪው ውስጥ ጠፍቷል።

"ነይ" አለ በእጁ። መጣች። "ነይ፣ ነይ።" መጣች።

ከዚያ ስፖኪዮው ውስጥ አጥሩ ብቻ ቀረ።

ፍሬኑን በሁለት እግሯ ረገጠችው። ውስጥ ሰሃኖቹ ተንኮታኮቱ። ከርት በወዲያኛው ጎን ቆሞ ነበርና፣ "ነይ እማ! ሰፊ ነው እኮ! ምን ያስቆምሻል?" እያለ ጮኸ።

"አባትህ የለም!" አለችና ዘልላ ወረደች።

ኖርበርት ከዘራው አዳልጦት ተዘርሯል። የማይታዘዘው እግሩ ከኋላው ጎማ ሥር ሊገባ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ከርት ሮጦ ደረሰ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አባቱን በብብቱ ይዞ ጎተተና አጥሩን አስደግፎ ካስቀመጠው በኋላ ድንጋጤው ቁጣ ሆኖ ወጣ።

"ይኸው! እኔ የምለው ይህንን ነው! ሊሞት ነበር እኮ፣ እማ! በገዛ እጅሽ ልትገድዪው ነበር!"

አርዲስ የኖርበርትን ፊት በቀሚሷ ጫፍ ከአቧራው እየጠረገች ነበር። ቀና አላለችም።

"ወደቀ" አለች። "አላየሁትም፤ ስላላየሁት ቆምኩ። አንተ የምታስገባው መጦሪያ ቤት ውስጥ ከዓይናቸው ሲጠፋ ሥራውን የሚያቆም ማን አለ፣ ከርት?"

ከርት ጎማውን አየ፣ የአባቱን እግር አየ። ከዚያ ግዙፉ ከርት አጠገባቸው አሸዋው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ኖርበርት ግራ እጁን ማጅራቱ ላይ ጣል አደረገለት።

"መኪናውን ይዛችሁ ወደኛ ስትመጡ" አለ ከርት አፍንጫውን እየጠረገ፣ "በየት በኩል ነው የምትመጡት?"

"ገደል በሌለበት" አለች አርዲስ።

መኪናው ገና ግማሹ መንገድ ላይ ነበር፤ ልታስገባው ተነሳች።