ማሽላም ይተነፍሳል

ባለፈው ሳምንት ጨፋ ሮቢት ገበያ አንዲት ሴት የጆንያዋን አፍ ስትፈታ የጉድጓድ ማሽላ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ኮምጠጥ፣ ሻገት ያለ፣ እርጥብ አፈር የተቀላቀለበት ሽታ ነው። እህል ልገዛ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በዚያ ሽታ ውስጥ ሁልጊዜ ጎረቤታችን አያ ሰይድ አሉ።

አያ ሰይድ የሰፈሩን ሁሉ የእህል ጉድጓድ የሚከፍቱ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ከወላጆቼ በላይ የኮሩብኝ እርሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፋቸው ላይ ሆነው “ዛሬስ ምን አስተማሩሽ?” ይሉኛል፤ እኔም ጉራዬን እነዛላቸዋለሁ።

አንድ ቀን የእኛን ጉድጓድ ከፈቱ። መክደኛውን ድንጋይ አንስተው “ዛሬ ይናፈስ፣ ነገ እወርዳለሁ” አሉ። እናቴ ግን ለራት የሚፈጭ አልነበራትም። ይሄኔ እኔ አዋቂዋ ጣልቃ ገባሁ። በዚያው ሳምንት ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንደሚሠራ፣ ለእኛም ኦክስጅን እንደሚሰጠን ተምረን ነበር።

“አያ ሰይድ፣ ማሽላም ተክል አይደል? ውስጡ ያለው ጥሩ አየር ነው” አልኳቸው።

“ኢንተለ ኮ! የኔ ልጅ ተምራለችኮ!” ብለው እየሳቁ ወረዱ።

ሳቃቸው መሐል ላይ ተቋረጠ። ወገባቸው ላይ ገመድ ስለነበረ ልጆቻቸው ጎትተው አወጧቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች፣ አልሃምዱሊላህ። ግን ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ቀኝ እግራቸውም ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ አለ።

በሳምንቱ መምህራችን አዲስ ምዕራፍ ጀመሩ። ለካ ዘርም ይተነፍሳል፤ በጨለማም ቢሆን፣ ተክሉ ከፀሐይ ያጠራቀመለትን ምግብ በኦክስጅን እያቃጠለ ጉልበት ያወጣል፣ እንደ እኛው የተቃጠለ አየር ይተፋል። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ለሰው የሚሆን አየር አይተርፍም። ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። አያ ሰይድ መደብ ሥር ተደፍቼ “ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩዎት” ብዬ አለቀስኩ።

“አብሽሪ” አሉኝ እየተንተባተቡ። “ታዲያ ሌላውን ግማሽ ንገሪኛ።” ልጆቻቸውን ጠርተው፣ ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ሁሉንም አስነገሩኝ። እያንዳንዱ ቃል አፌን ያቃጥለኝ ነበር።

አያ ሰይድ ካረፉ ቆዩ። ልጆቻቸው ግን ዛሬም ጉድጓድ ሲከፍቱ፣ አሳድረው፣ ኩራዝ አውርደው አለመጥፋቱን ካዩ በኋላ እንኳ፣ እኔን ሳያስጠሩ አይወርዱም። “አባታችን ፋጤን ጠይቁ ብለዋል” ይላሉ። አፋፉ ላይ ቆሜ የሚወርዱትን ልጆች ፊት አያለሁ። አያ ሰይድ ጥፋቴን እያወቁ ልጆቻቸውን ለእኔ አደራ ሰጡ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።