ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው ሙሽራ፤ ለአንድ ማህተም ከሮቤ ደሎ መና ደርሶ መልስ

ሰኞ፣ ንጋት፣ ሮቤ

ከቤት ስወጣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከከተማው ዳር ያለው የስንዴ ማሳ ላይ ውርጭ ተኝቷል። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ቦርሳዬን ግን አጥብቄ ይዣለሁ። በውስጡ የቀበሌ መታወቂያዬ፣ የቀበሌው የትብብር ደብዳቤ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ፣ ስድስት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በክር የታሰሩ የባለቤቴ ደብዳቤዎችና አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደብዳቤውን የፈረመልኝ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የሴቶች ማህበር ስብሰባ ላይ አስቀምጦኝ ነው።

ጉዳዩን ላስረዳ። ባለቤቴ ከማል ካገባኝ ከአራት ወር በኋላ በሕጋዊ መንገድ የመን፣ ኤደን ወዳለው ዘመዱ ሱቅ ሄደ፤ ከዚያ ከዘመዱ ጋር እንግሊዝ ገባ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን እኔን ሊወስድ አመልክቷል። ኤምባሲው የሚመጣው ሰኞ አዲስ አበባ ቀጥሮኛል፤ የጋብቻ ማስረጃ ይዤ ካልቀረብኩ ፋይሉ ይዘጋል፤ የመውጫ ፈቃዴም ወሩ ሲያልቅ ዋጋ የለውም። የጋብቻ ማስረጃ የሚባል ነገር ግን የለኝም። ኒካህ ሲታሰር ሼኩ ዱዓ አድርገው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ተበተነ። ወረቀት የጠየቀም የጻፈም አልነበረም።

ሰኞ፣ ረፋድ፣ ጎባ

ከሮቤ ጎባ በላንድሮቨር፣ አሥራ አንድ ሰው ተደራርበን። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ጭናቸው ላይ አንድ ቅል ቅቤ ይዘዋል፤ በየጉድጓዱ ስንነጥር ቀሚሴ ላይ ጠብ ይላል። ቃዲ ፍርድ ቤት የገባሁት ቅቤ እየሸተትኩ ነው።

ጸሐፊው የመነጽሩን እጀታ በክር ያሰረ ቀጭን ሰው ነው። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገለበጠና ፎቶግራፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፎቶው ከማልን በነጭ ሸሚዝ ያሳያል። ፊት ለፊቱ ወሊዬ፣ ማለትም በአባቴ ፋንታ የዳረኝ የሟች አባቴ ወንድም፣ አጎቴ ቃሲም ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸውን ተያይዘዋል፤ እጃቸው ላይ ነጭ ሻሽ ተጥሎበታል፤ መሐል ሼኩ አሉ። በእኛ ዘንድ ኒካህ የሚታሰረው እንዲህ፣ በሙሽራውና በወሊዩ መካከል ነው። ሙሽራዋ ጓዳ ናት።

«ሙሽራዋ የታለች?» አለኝ።

«እዚህ ጋ፣ ከመጋረጃው ጀርባ።»

«መጋረጃ ምስክር አይሆንም። ይህን ያየ ፈረንጅ ባልሽ ያገባው አጎትሽን ነው የሚለው።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። አብረን የተነሳነው ሌላ ፎቶ ካለ ጠየቀኝ። የለም። አራት ወር ብቻ አብረን ኖረን ፎቶ ቤት መሄድን ማን አሰበው።

ቃዲው ራሳቸው የወሰኑት ይህ ነው፦ አጎቴ በአካል ቀርበው «እጄን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ይበሉ፤ ኒካሁ የታሰረበት ገበሬ ማህበርም ደብዳቤ ይጻፍ። ሁሉም ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት። አጎቴ የሚኖሩት ደሎ መና አጠገብ፣ ከተራራው ማዶ ነው። ደሜ ፈላ፤ ግን ማን ላይ ልጩህ? ቃዲው ትሑት ሰው ናቸው፤ ጸሐፊውም ውሸት አልተናገረም።

ማክሰኞ፣ ሳነቴ

የጭነት መኪና ሾፌሩ ጋሽ ይርጋ ጨው ጭነው ወደ መና ይወርዳሉ። አባታቸው ከሸዋ መጥተው ጎባ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅለው እንደ ማንኛውም የባሌ ሰው ያወራሉ። ጋቢና አስገቡኝና ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ባልሽ እዚያ አለ፤ አንቺ እዚህ አለሽ፤ ሁለታችሁም ተጋብተናል ትላላችሁ» አሉ መሪውን እየታገሉ። «ታዲያ የሚከራከረው ማነው?»



ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሜዳው ጫፍ ወጣን። ጉም፣ ጉም፣ አሁንም ጉም። በመሐሉ ጅብራ ብቻ ተገትሮ ይታያል፤ ያ ረጅም ግንዱ፣ ያ አናቱ። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱን ዘና ብሎ አቋረጠ፤ የይለፍ ወረቀት የሚጠይቀው የለም። ቀናሁበት። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ ጫካው፣ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች፣ ጭቃ። ሁለት ጊዜ ወርደን ድንጋይ ከጎማው ሥር ጠቀጠቅን። መና ስንደርስ ጸሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ።

ረቡዕ፣ ደሎ መና

ቡርቂቱ፣ የአጎቴ መንደር፣ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ሄድኩ። መንደሩ የለም።

ቀልድ አይደለም። ምሰሶዎች ቆመዋል፤ የተጋባሁበት የአጎቴ ቤት ጣራውም ግድግዳውም ተነስቶ ምድጃው ብቻ ቀርቷል። በመንደር ምስረታው ሁሉም ተነቅለው ወደ መንገዱ ዳር ሰፍረዋል። ማገዶ የምትለቅም ሴት አቅጣጫውን አሳየችኝና በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ጠዋት በአዲሱ መንደር አጠገብ አልፌ ነበር።

አዲሱ መንደር በገመድ እንደተለካ መስመር ሠርቷል። አጎቴን ከአንዱ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቡናቸው ከቀድሞው ጓሮ ቀርቷል፤ ለመልቀም በየቀኑ ይመላለሳሉ። «አካም ጂርታ?» አሉ፤ ደህንነቴን፣ የእናቴን ደህንነት፣ የከብቱን ደህንነት ሳይቀር ጠየቁኝ። ሚስታቸው፣ አክስቴ፣ ሆጃ በወተት አፍልታ አቀረበች። ጉዳዩን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። እግሬ ደካማ ነው አሉ፤ የሳነቴ ብርድ ይገድለኛል አሉ፤ እዚሁ በጣቴ ልፈርምልሽ አሉ። ሁልጊዜ ለሰው ጉዳይ ቀድመው የሚነሱ ሰው ነበሩ። ተናደድኩ፤ አፌን ይዤ ወደ ገበሬ ማህበሩ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው። ማህተሙ ኪሱ ውስጥ ነው። አምስት ሰዓት ላይ መጥቼ ሰውዬውን ያገኘሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«ቡርቂቱ የሚባል መንደር መዝገቤ ላይ የለም» አለኝ። «በአዲሱ መንደር ተጋቡ ብዬ ልጻፍልሽ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አዲሱ መንደር ገና ዓመቱ ነው። እኔ ካገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው።»

ጣቱን እየቆጠረ አሰበ። በፈረሰ መንደር ውስጥ ተጋቡ ብዬ ብጽፍ ያስጠይቀኛል አለ። ተከራከርን። ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንደማደርገው ቀስ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት። በመጨረሻ «ቀድሞ ቡርቂቱ ይባል በነበረው ቦታ» የምትል ዓረፍተ ነገር ተገኘች፤ ማህተም ተመታ። ደስታዬን ላሳየው ስላልፈለግሁ ወረቀቱን ቶሎ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ስመለስ አጎቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸውን አጣጥፈው በብትራቸው ላይ አንጠልጥለውታል። «እሄዳለሁ» አሉ።

ሐሙስ፣ ሪራ እና ኬላው

ጋሽ ይርጋ ቡና ጭነው ሲመለሱ ይዘውን ወጡ። ሪራ ላይ ሞተሩ ጋለ፤ ውኃ እስኪቀዳ ወርደን አንድ ቤት ደጃፍ ተቀመጥን። ዳቦና ማር ገዛን። ማሩ ከነሰፈፉ ነው፤ ጥቁር፣ ጉሮሮ የሚከረክር። አጎቴ አልበሉም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ቀን በመጋረጃው በኩል ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ከማልን ትወጃለሽ ወይ፣ ፈቃድሽ ነው ወይ ብዬ። ዝም አልሽ። አክስትሽ ዝም ካለች ፈቅዳለች አለችኝ። ሕጉም እንደዚያ ነው። ሄጄ እጄን ሰጠሁ።»

የያዝኩትን ዳቦ ጭኔ ላይ አኖርኩት።

«መጋረጃው ወፍራም ነበር። ታለቅሺ እንደሁ አላየሁም። እሱም ጥሎሽ ሄደ። አሁን ቃዲው ፊት ምን ብዬ ልማል?»

ጋሽ ይርጋ ጥሩምባ ነፉ፤ ተነሳን። ልመልስላቸው ይገባ ነበር። ግን አራት ቀን ሙሉ የሮጥኩት ለምን እንደሆነ እኔንም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ራሴም አልጠየቅሁም። በአራት ወር የማውቀውን ሰው ፊት በደብዳቤዎቹ ውስጥ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ሳነቴን ስንሻገር ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እኔም ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኳቸው። ይህ ነገር ከወረቀቱ ሁሉ በላይ አሳፈረኝ።

ጎባ መግቢያ ኬላ ላይ አስቆሙን። አጎቴ የይለፍ ወረቀት የላቸውም። እኔ ያን ሁሉ ማህተም ስለቅም ይህቺን ረስቻለሁ። ጠባቂው ወደ መጡበት ይመለሱ አለ። ለመንኩት፤ ጋሽ ይርጋም ለመኑት፤ ጊዜው ይነጉዳል። በመጨረሻ ፎቶግራፉን አወጣሁ። ጠባቂው ፎቶውን አየ፣ አጎቴን አየ፣ እጃቸውን አየ። «ወሊይዋ ናቸው እንዴ?» አለና እንጨቱን አነሳ። ያ ፎቶ ከእኔ በቀር የሁሉንም ማንነት ያረጋግጣል።

ዓርብ፣ ጎባ

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቃዲ ፍርድ ቤት ነን። ጸሐፊው የገበሬ ማህበሩን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ «ይባል በነበረው» የሚለው ላይ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ ግን አሳለፈው። አጎቴ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መሰከሩ፦ «በዚህ እጄ ነው የሰጠኋት።» አለቀ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ቃዲው ወደ እኔ ዞሩ።

«የዚያን ቀን ኒካሁ በዝምታሽ ጸንቷል፤ ጥያቄ የለኝም። ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ወረቀት ላይ ግን ዝምታ አይጻፍም። ፈቅደሽ ነው ያገባሽው?»

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ይጠብቃል። አምስት ቀን ሙሉ ከሊቀመንበርና ከኬላ ጠባቂ ጋር ስትከራከር የከረመች ምላሴ ተሳሰረች። አጎቴ ወለሉን ያያሉ። ከማል በመጋረጃው ማዶ ሲያስል ሰምቼ ለመሳቅ ምንም ያህል እንዳልቀረኝ አስታወስኩ። አፌን በሻሽ የያዝኩት እንዳልስቅ ነበር።

«ፈቅጄ ነው» አልኩ። ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና እስኪል ድረስ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። «ያኔም ፈቅጄ ነበር። አሁንም እፈቅዳለሁ። ዝም ያልኩት ስላፈርኩ ነው።»

ጸሐፊው ቃዲውን አያቸው። «ስላፈርኩ የሚለውንም ልጻፈው?»

«ጻፈው» አሉ።

ማህተሙ አረፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ በእጄ አርገበገብኩት።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሮቤ

አጎቴን እናቴ ዘንድ አሳድሬ ነገ ወደ አዲስ አበባ እሳፈራለሁ። ላንድሮቨሩ እንደ ሰኞው ታጭቋል፤ ቅቤ የሚይዝ ሰው ግን የለም፤ ተመስገን። ጎባን ለቀን ስንወጣ አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያኔ እንዲህ ጮክ ብለሽ ብትናገሪ ኖሮ» አሉኝ፣ «እኔም ስድስቱን ዓመት ደህና እተኛ ነበር።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስዞር ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መንገዱ እንደ ሰኞው ያነጥረናል፤ እሳቸው ግን አልነቁም። ወረቀቱን በአንድ እጄ፣ አጎቴን በሌላው ደግፌ፣ ሾፌሩ ሮቤ ደርሰናል ውረዱ እስኪል ድረስ አልቀሰቀስኳቸውም።