የውስጡ እጀታ

መካነ ሰላም ገበያ ዳር ለሽያጭ የቆመውን አሮጌ ሚኒባስ ሊያዩ የመጡት ቄስ፣ ደላላውን መስቀል ያሳለሙት በግራ እጃቸው ነው። ደላላው ግር እያለው ተሳለመ። ቀኝ እጃቸው ከጋቢያቸው ውስጥ አልወጣም። ሞተሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ የጠየቁት የኋላ ወንበሮቹ ተነስተው ፍራሽ ይነጠፍ እንደሆነ ነው።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ አባ?»

«ከጠበል ጠበል ነው። ልጄን ይዤ፣ እዚሁ ውስጥ እያደርን።»

«በሩ ደህና ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ይከፈታል» አለና ደላላው ሳበው።

በሩ ጓ ሲል ቄሱ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጋቢው ተንሸራቶ የሰው ጥርስ ያረፈበት ቀኝ እጃቸው ታየ። ቶሎ መልሰው ሸፈኑት።

«የውስጡን እጀታ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትነቅልልኛለህ?»