የለቅሶው ኒም

ዛፉ መዝመሙን ያወቅሁት በልብስ ማስጫው ገመድ ነው። ገመዱ ከኒሙ ግንድ እስከ ማድ ቤቱ ግድግዳ የተዘረጋ ሲሆን ከላላ ብዙ ዘመኑ ነበር፤ አንሶላ ባሰጣሁ ቁጥር ጫፉ መሬት እንዳይነካ መሐሉን በዱላ እደግፈዋለሁ። ባለፈው ዓመት፣ በበጋው መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት ልብስ ይዤ ስወጣ ዱላው ወድቆ ገመዱ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ከተከራዮቼ አንዱ አጥብቆት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልነካውም። ብዙ ሳይቆይ ተበጠሰ።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ኒሙን አየሁት። በየቀኑ የሚያዩት ዛፍ አይታይም። ከማድ ቤቱ ሸሽቶ ወደ ጎረቤቴ ግድግዳ አዘንብሏል። በእግሩ በኩል መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ውስጥ የተበጠሰ ሥር ይታያል።

የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ኸሪፍ የምንለው የዝናቡ ወራት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። አጥርም ይሁን ምሰሶ፣ በበጋ የዘመመ በኸሪፍ ይወድቃል። ይህን ለማወቅ እዚህ አገር እንደኔ ማርጀት አያስፈልግም፤ ሁለት ክረምት ይበቃል።

ከግድግዳው ወዲያ የምትተኛው ሐጃ ናት። በዕድሜ የምትበልጠኝ ሱዳናዊት ስትሆን፣ ከስደተኞች ካምፕ ወጥተን እዚህ ሰፈር ስንገባ በመጀመሪያው ቀን ውሃ የላከችልን እሷ ነበረች። ካቻምና ግማሽ አካሏን ያዛትና ቀኝ እጇም ቀኝ እግሯም አልታዘዝ አሏት። አንገሪብ የሚሉት የገመድ አልጋዋ ልክ በግድግዳው ሥር ተዘርግቷል። ክፍሉን የመረጡላት በኔ ኒም ጥላ ምክንያት ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው እሱ ስለሆነ ነው። ሌላ ክፍል እንዳያዛውሯት ደግሞ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላቸው ዘመዶቿ ቤቱን ሞልተውታል። በየክፍሉ ሰው በሰው ላይ ነው የሚያድረው።

ያየሁትን ልነግራት ሄድሁ። አስተማሪ የሆነችው ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ልጅቱ ደነገጠች፤ ሐጃ ግን ሳቀች።

«ያ ኡኽቲ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «እኔ ከዚህ ክፍል የምወጣው በሰው ትከሻ ነው። ዛፍ ፈርቼ ከአልጋዬ አልነሣም።»

«ዛፉን አስቆርጠዋለሁ» አልኋት።

«ጥላዬን ልትወስጂብኝ?»

«አዎ።»

ልጇ እስከ በር ሸኘችኝና፣ «ኻልቲ፣ ሳይዘንብ ይሁን» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

ጋዝ በጠፋበት ዘመን ዛፍ ቆራጭ መለመን አያስፈልግም፤ እንጨቱን ለራሱ እንዲወስድ ከተፈቀደለት በሩጫ ይመጣል። ለዳቦ ቤቶች ማገዶ የሚያቀርብ ሰው የሞተር መጋዙን እንዳንጠለጠለ በዚያው ቀን ከሰዓት መጣ። ኒሙን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ጠዋት ብጀምር የቀትር ሶላት ሳይደርስ መሬት ላይ ነው» አለኝ። «ታዲያ መሬቱ ደረቅ ሳለ ነው። አንዴ ከዘነበ እንኳን እኔ ዝንጀሮም አይወጣበትም።»

ነገ ና አልሁት። አንድ ጠዋት ብቻ መሆኑ ገረመኝ። ነገር ግን በማግሥቱ ከመጋዙ በፊት የእድራችን ሽማግሌዎች ደረሱ።

ስለ እድሩና ስለ ዛፉ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። እዚህ አገር ስንገባ ዘመድ አልነበረንም፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ያቋቋምነው እድር ነው። ለቅሶ የሚያስቀምጥ ቤት ያለው ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የኔ ሖሽ፣ ግቢውን ሖሽ ነው የምንለው፣ ሰፊ በመሆኑ ሰው በሞተ ቁጥር ለቅሶው እኔ ዘንድ ይሆናል። የጭነት መኪና ሸራ ይመጣል፤ አንደኛው ጠርዝ ከጣራው፣ ሌላው ከኒሙ ይታሰራል። መጀመሪያ በገመድ ነበር። ገመዱ እየላላ ሲያስቸግር የእድሩ ሰዎች ወፍራም ሽቦ በግንዱ ዙሪያ ጠምጥመው መንጠቆ አበጁለት። ያኔ ዛፉ ቀጭን ነበር። ግንዱ ሲወፍር ሽቦውን የሚያላላ አልተገኘም። ለቅሶ ሲመጣ ሰው ሁሉ ለሸራው ይሯሯጣል፤ ለቅሶ በሌለበት ቀን የለቅሶን ሽቦ መነካካት ግን ሞት መጥራት ነው ተብሎ ማንም አይደፍረውም። ስሙም አይነሣም። በመጨረሻ ሽቦው በቅርፊቱ ተውጦ ጠፋ። መንጠቆውም በግንዱ ላይ የበቀለ ይመስል ትንሽ ብቅ ብሎ ቀረ።

ዛፉን የተከለው ባሌ ነው። ባሌንም ያለቀስነው እዚያው ሥር ነው። ስለዚህ እንዴት ልታስቆርጠው ጨከነች ያሉ ነበሩ።

ሽማግሌዎቹ ወንበር ወጣላቸውና እዚያው ኒሙ ሥር ተቀመጡ። ቆራጩ መጋዙን ይዞ በር ላይ ቆመ።

«እመይቴ፣ ዛፉ የአንቱ ነው፣ አንክድም» አሉ የእድሩ ዳኛ። «ጥላው ግን የእድሩ ነው።»

«ሲወድቅስ የማን ነው?» አልሁ።

«እሱን እግዜር ያውቃል። እኛ የምንለው ለጊዜው ይቆይ ነው። ያው እንደሚያውቁት የታመመ ሰው አለብን። ዛሬ ነገ የሚባል ነው። እስኪለይለት እንኳ ይቆይ።»

«እስኪለይለት ማለት እስኪሞት ነው?»

«ኧረ እመይቴ! እንዲህ ተብሎ ይነገራል?»

«እኔ አላልሁትም፤ አንቱ ነዎት ያሉት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ወንበራቸውን ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይስቡ ነበር። «እሳቸውም እውነት አላቸው» አሉ። «ሰውየው ብርቱ ነው። ፋሲካን አይደርስም ብለን ደርሷል። ኸሪፉን ቢሻገርስ?»

«ታዲያ ቢሻገር ይከፋሃል?» ብለው ዳኛው ተቆጡ።

«እኔ ምን ወጣኝ? ዕድሜውን ያርዝመው፤ ያልሁት ዛፉ እስከዚያ ይቆያል ወይ ነው።»

«ይቆያል!»

ነገሩ ሲያልቅ ወንበር ሳቢው ሽማግሌ ከጥላው ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አሳባቸውን ሲጠየቁ ግን እሳቸውም «ይቆይ» አሉ። ቆራጩ መጋዙን አንሥቶ ሄደ።

በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ካፊያ ጣለ። አቧራ የሚያጠፋ እንጂ መሬት የሚያርስ አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የሐጃን ግድግዳ በየጠዋቱ ማየት ጀመርሁ። አንዱ ቅርንጫፍ የጣራዋን ቆርቆሮ ነክቶታል፤ ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮውን ሲፍቀው እስከኔ ክፍል ይሰማል። ከእድሩ ጋር መጣላት አልፈለግሁም። በባዕድ አገር ከእድሩ የተጣላ ሰው ማን ይቀብረዋል? ይህን አሰብሁ። ሐጃንም አሰብሁ። ሁለቱን አሳቦች ይዤ ወደ ታመመው ሰው ቤት ሄድሁ።

ሰውየው በዶካ መንገድ ባሉት የሰሊጥ እርሻዎች ትራክተር ሲነዳ የኖረ፣ የባሌ ወዳጅ ነው። ጉበቱ ነው አሉ። ከስቷል፤ ዓይኑ ብጫ ሆኗል፤ ድምፁ ግን ያው የትራክተር ነጂ ድምፅ ነው፣ ጮክ ያለ። ነገሩን ሳልሸፋፍን ነገርሁት። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ሌላ ማን ዘንድ እንደምሄድ ግን አላወቅሁም። ሳቁ አሳለው።

«እኔን ነው የሚጠብቁት?»

«አንተን ነው።»

«ለኔ ሲሉ ዛፉን ካቆሙት፣ እኔም ለነሱ ስል መቸኮል አለብኝ ማለት ነው?» አለ። ምራቱን ጠራት። «ሂጂና ለዳኛው እንዲህ በያቸው። እኔን በፀሐይ ያልቅሱኝ። ፀሐይ ላይ የሚያለቅስ ሰው ወሬ አያበዛም። የሚከራከር ካለ እዚህ መጥቶ ይከራከረኝ፤ ሰው ናፍቆኛል።»

ስነሣ፣ «ሐጃ እንዴት ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልሁት።

ሊከራከረው የሄደ ሽማግሌ አልነበረም። ቆራጩ በማግሥቱ ማልዶ መጣ። ክፍሉ ባዶ ሳይሆን መጋዜን አላስነሣም ስላለ ሐጃን ማውጣት ግድ ሆነ። ልጇ የሱዳን ሴቶች በሚከናነቡት በቶቧ ሸፈነቻትና ሁለት የወንድሞቿ ልጆችና ሁለት የእድራችን ሰዎች አንገሪቡን በአራቱ እግር ያዙ። አንደኛው የእድሩ ዳኛ ነበሩ፤ ማንም ሳይጠራቸው ነው የመጡት። በሱዳን ሰው ሲሞት የሚወጣው በዚሁ አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ከንፈር እየመጠጡ ተከተሉ።

«ቀስ በሉ!» አለች ሐጃ ከቶቡ ሥር። «ገና አልሞትሁም። የሞትሁ ዕለት ትሮጣላችሁ።»

ከንፈር የመጠጡት አፍረው ተመለሱ። ሐጃን በኔ ሖሽ በወዲያኛው ጥግ አስቀመጥናት።

ቆራጩ ቅርንጫፎቹን በገመድ እያሰረ ወደኛ በኩል ማውረድ ጀመረ። ሐጃ ከአልጋዋ ሆና ታዘዋለች።

«ያቺን ትልቋን መጨረሻ አድርጋት!»

«ሐጃ፣ ነይ ውጪና አንቺ ቁረጪው።»

«እግርህን አውሰኝና ልምጣ።»

ረፋድ ላይ ግንዱ ብቻ ቀረ። ወደ ግድግዳው እንዳይወድቅ ወፍራም ገመድ ጫፉ ላይ ታስሮ ወንዶቹ ከኛ በኩል ሳቡት። ቆራጩ መጋዙን ደረቱ በሚደርስበት ከፍታ አስገባ። ትንሽ ሄደና በኃይለኛ ድምፅ ጮኸ፤ ብልጭታ ወጣ። የመጋዙ ሰንሰለት ተበጠሰ።

«ውስጡ ብረት አለ!» ብሎ ጮኸ። «ማነው ዛፍ ውስጥ ብረት የጨመረ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

የእድሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሁላችንም እናውቅ ነበር። መንጠቆውን ሁላችንም በየቀኑ እናየው ነበር። ያለ ለቅሶ ስሙ የማይነሣ ነገር ሆኖ፣ ለቆራጩ መንገር ከማናችንም አፍ አልወጣም። ዳኛው ገመዱን እንደያዙ፣ «የሸራ ማሰሪያ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ግንዱ ግማሹ ተቆርጦ፣ ግማሹ ቆሞ ቀረ። ነፋስ ተነሣ። ሰዎቹ ገመዱን መልቀቅ አልቻሉም፤ ከለቀቁት በሐጃ ክፍል ላይ ነው። የቀትር ሶላት አለፈ። ሰንሰለት ፍለጋ ገበያ የተላከው ሰው አልተመለሰም። በመጨረሻ ቆራጩ መጥረቢያ አነሣና ከሽቦው በታች ይቆርጥ ጀመር። ገመድ የሚስቡት ይፈራረቁ ነበር፤ እኔም ውሃ አጠጣቸዋለሁ። ዳኛው ግን አልተፈራረቁም። እጃቸው ተልጦ ደም ሲያወጣ አይቼ ሰው እንዲቀይራቸው ነገርሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ግንዱ ተንቋቅቶ ወደኛ ወደቀ። የማድ ቤቱን ጥግ ሰበረው። ማንም አልተጎዳም።

ቆራጩ የወደቀውን ግንድ የታችኛውን ጫፍ አሳየን። ሽቦው በነበረበት ዙሪያውን ጠቁሯል፤ መሐሉን ምስጥ ጨርሶታል። የቀረው የእጅ መዳፍ የሚያህል ደህና እንጨት በአንድ ወገን ነበር። ዳኛው፣ «በዚህ ሥር ነው የተቀመጥነው?» አሉ። ወንበር ሳቢው ሽማግሌ፣ «እኔ አልተቀመጥሁም» አሉ።

የታመመው ሰው ኸሪፉን ተሻገረ። ይህን ስጽፍም አለ። ለቅሶውን የት እንደምናደርግ እድሩ እስካሁን አልወሰነም።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሐጃን ግድግዳ ቀጥታ ይመታዋል። ጥላዋን የወሰድሁባት እኔ ነኝና፣ የሰሊጥ ጆንያ በውሃ እያራስሁ በመስኮቷ ላይ እሰቅልላታለሁ። አንዳንዴ ታመሰግነኛለች፤ ብዙ ጊዜ ጆንያው ሸተተ ብላ ትወቅሰኛለች።

ኒሙ ከተቆረጠ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ትልቁ ዝናብ አንድ ማምሻውን ከነነፋሱ ገባ። በማግሥቱ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ጭቃውን እየረገጥሁ ልጠይቃት ሄድሁ። ልጇ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ብቻችንን ነን።

«ትናንት ነፋሱ ሲነሣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ» አለችኝ። «እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ ሸሃዳዬን ደገምሁ። ከዚያ ነው መቆረጡ ትዝ ያለኝ።»

ሸሃዳ እነሱ በሞት አፍ ላይ የሚሉት ቃል ነው።

«እንደ ልማድሽ?» አልኋት።

«ነፋስ በመጣ ቁጥር ነዋ። ሌላ ምን ላድርግ? ሮጬ አልወጣ።»

«አልፈራም ብለሽኝ ነበር።»

«ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ምን ልበልሽ ኖሯል?» አለችና በደህናው እጇ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። «ጆንያው ደርቋል።»

አውርጄ አራስሁትና መልሼ ሰቀልሁት።